በሌላ ሰው ስም መስጠት የባለ ስሙን ልግስና እንዴት እንደሚለውጠው

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ እሑድ እሑድ ጧት ከጸሎት በፊት ለእያንዳንዱ አዳሪ ተማሪ አንድ አንድ ብር ይታደል ነበር። ብሩ ከገንዘብ ያዡ እጅ ይወጣል፤ በእኛ መዳፍ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ምጽዋቱ ሣጥን ይገባል። የታሰበው ልጆች መስጠትን ከታናሽነታቸው እንዲለምዱ ነበር። በአንድ ዓመት መካከል እደላው ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ሣጥኑ በመቀመጫችን ፊት ሲያልፍ፣ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ተማሪ እጅግ ጥቂት ነበረ። ገንዘብ አጥተን አልነበረም፤ ለሻይና ለብስኩት የምናወጣው ከቤት ይላክልን ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ በስማችን ሲሰጥልን ስለ ኖረ፣ ምጽዋቱ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንጂ የራሳችን ጉዳይ ሆኖ አልታየንም።

ይህ ትንሽ ነገር አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሆኖ፣ በሌላው ስም ሲሰጥ፣ የባለ ስሙ የራሱ ልግስና ምን ይሆናል? ይጨምራል? ይቀንሳል? ወይስ እንደ ነበረ ይቀራል? በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ጥያቄውን በትውልድ አገራችን በጉንደ ወይን አካባቢ ባለው ልማድ እየመረመርን፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ከደረሱበት ጋር እያስተያየን ለማብራራት እንሞክራለን።

ስለ ስፍራው

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም የወይን ግንድ ማለት ነው። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ ደጋ፣ በሌላው ወገን ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ያዋስኗታል። ሕዝቡ በአብዛኛው ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ነው። መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የታወቁ ገዳማትና አድባራት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛሉ። ስለዚህ በአገራችን ስለ መስጠት የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጀምራል። በሌላ ሰው ስም መስጠትም ለባላገሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ አራት ዓይነት መልክ አለው። ከዚህ ቀጥለን አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን።

1. ስለ ሞተ ሰው መስጠት

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ተዝካር ነው። ሰው በሞተ በ40ኛው ቀን፣ እንደ ዘመዶቹም አቅም በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ፣ ካህናቱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ድኻውም ይበላል። እህሉ የልጆቹ ነው፤ ስሙ ግን የሟቹ ነው። ሟቹ ከእንግዲህ ወዲህ በገዛ እጁ ሊሰጥ ስለማይችል፣ ስለ እርሱ የሚሰጠው የእርሱን ምጽዋት አይቀንስም ብለን ልናልፍ እንችል ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰው በሕይወት ሳለ ስለ ተዝካሩ ያስባል። «ልጆቼ ያወጡልኛል» ብሎ የሚተማመን ሽማግሌ፣ ዛሬ በደጁ ለቆመው ድኻ እጁን ሊያጥፍ ይችላል፤ ነገ በስሙ የሚሰጠውን ዛሬ ከሰጠው ጋር ደምሮ ይቆጥረዋልና። ባላገሩ ይህን ስለሚያውቅ ሌላ ልማድ አበጅቷል፤ ይኸውም የቁም ተዝካር ነው። አንዳንድ ሰው ወራሾቹን ሳይጠብቅ በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ራሱ ያወጣል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «በእጄ የሰጠሁትን አውቀዋለሁ» ይላሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ በስም የሚሰጥ ስጦታ ገና ሳይሰጥ፣ በተስፋ ብቻ የባለ ስሙን እጅ ሊያሳጥር እንደሚችል ነው።

2. ስለ ልጅ መስጠት

ልጅ ሲታመም እናት ትሳላለች። ልጁ ሲድን ስለቱ ጧፍ ወይም ዕጣን ወይም ጃንጥላ ሆኖ ለታቦቱ ይገባል። የተሳለችው እናቲቱ ናት፤ ስለቱ ግን ስለ ልጁ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ልጁ ለመሸከም የደረሰ እንደ ሆነ እናቲቱ ዕቃውን ራሷ አታቀርበውም፤ በልጁ እጅ ታስይዘዋለች። ሕፃን ሳለ የተሳለችለትን ካላደረሰች ደግሞ፣ ሲያድግ «ስለት አለብህ» ብላ ትነግረዋለች። በዚህ አኳኋን በስሙ የተጀመረው ስጦታ ዕዳ እንጂ ደረሰኝ አይሆንም።

በሞጣና በሌሎቹም ከተሞች ከክርስቲያኑ ጋር ተጎራብተው በሚኖሩት ሙስሊሞች ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። በረመዳን ጾም ፍጻሜ፣ ከዒድ ሶላት በፊት፣ የቤቱ አባወራ ዘካተል ፊጥርን ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለሚያስተዳድራቸው ቤተ ሰቦቹ ሁሉ፣ ስለ ሕፃናቱም ጭምር፣ በነፍስ ወከፍ ቆጥሮ ይሰጣል። ልጁ አድጎ የራሱን ቤት ሲያቆም ግን አባቱ ሲቆጥርለት የኖረውን ራሱ ይቆጥራል። በሁለቱም ሃይማኖት ስለ ልጅ የሚሰጠው ወሰን አለው። ወሰኑም ልጁ ራሱን የሚችልበት ቀን ነው።

3. ስለ ሩቅ ሰው መስጠት

ሦስተኛው ዓይነት በዘመናችን እየበዛ የሄደው ነው። ከአካባቢያችን ብዙ ወጣት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዱም ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ መንገድ ሲጠረግ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍል ሲሠራ መዋጮ ይወጣል፤ የሰጪው ስምና የሰጠው መጠንም በጉባኤ ፊት ይነበባል። ዘመዶችም የሩቁ ልጅ ስም ከመዝገብ እንዳይቀር በስሙ ይከፍላሉ።

ስማቸውን ከማንጠቅሳቸው ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ የሆነውን እንናገር። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ መጀመሪያ በቀን ሥራ፣ ኋላም በትንሽ ሱቅ ይተዳደር ነበር። በአጥቢያው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲጀመር እናቱ «የልጄ ስም አይቅርብኝ» ብለው አንዲት በግ ሸጠው በስሙ ከፈሉ። በሁለተኛው ዓመት ለጣራው ቆርቆሮ መዋጮ ሲጠየቅ ሁለተኛዋን በግ ሸጡ። በበዓሉ ቀን የልጁ ስም ሲነበብ እልል ተባለ። የአጎቱ ልጅ በስልክ ነገረው፤ እርሱም ደስ አለው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያሉ ያገር ልጆች ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ሲያሰባስቡ «እኔ እንኳ ሰጥቻለሁ፤ ስሜም ተነቧል» ብሎ መለሳቸው። አሰባሳቢዎቹም አላስቸገሩትም። የአጥቢያው ኮሚቴም አልደወለለትም፤ በመዝገቡ ላይ የከፈለ ሰው ነውና።

በሦስተኛው ዓመት ለፋሲካ አገሩ ገባ። ጋጣው ባዶ ነበር። «በጎቹስ?» ብሎ ቢጠይቅ እናቱ ወሬ ለወጡ፤ ታናሽ እኅቱ ግን ነገረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የኮራበት ስጦታ የእናቱ የክረምት ጥሪት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቀ። በማግሥቱ ወደ መዝገብ ያዡ ሄዶ የሁለቱ ዓመት መዋጮ ወደ እናቱ ስም እንዲዛወርለት ለመነ። መዝገብ ያዡ በጉባኤ የተነበበ አይፋቅም ብለው እምቢ አሉት፤ ነገር ግን ከስሙ ሥር የእናቱን ስም ጨመሩለት። እርሱም ከዚያ ወዲህ የራሱን በራሱ እጅ ይልካል፤ ለእናቱም በጎቹን ተክቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር እንመለከታለን። ልጁ ስጦታውን የራሱ አድርጎ በቆጠረ ጊዜ እጁ ተዘጋ። ከማን ኪስ እንደ ወጣ ባወቀ ጊዜ ግን እጁ ተከፈተ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ስሙም ያው ነው፤ የተለወጠው ሒሳቡ የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው።

የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ይህን አስቀድሞ የተገነዘበ ይመስላል። በማኅበር ተራ የደረሰው ሰው ቢታመም ወይም ቢያዝን ሌላው ማኅበርተኛ ተራውን ይዞለት ይደግሳል። ነገር ግን ሁለቱ ተራ ተለዋወጡ ይባላል እንጂ አንዱ ስለ ሌላው ሰጠ አይባልም። የታመመው ሲድን የያዘለትን ሰው ተራ ይደግሳል። ማኅበርተኛው ሲሞት ልጁ በምትኩ ቢገባም የአባቱን ወንበር እንጂ የአባቱን ድግስ አይወርስም፤ ተራው ሲደርስ እንደ ማንም ይደግሳል።

4. ገዢ ስለ ሕዝብ ሲሰጥ

አራተኛው ዓይነት ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ነው። በቀድሞ ዘመን ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ይሰጡ ነበር። የመርጡለ ማርያም ስም ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነሣል። ጉልት ማለት የገበሬውን ርስት ነቅሎ መስጠት አልነበረም፤ ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመቀበልን መብት መስጠት ነበር። ስለዚህ ሰጪው ንጉሥ ይባላል፤ እህሉ ግን ከገበሬው ጎተራ ይወጣል። ገበሬው ያልተጠየቀበትና ያልተመሰገነበት ስጦታ በየዓመቱ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። አገልጋዩ ካህንም በበኩሉ በአገልግሎቱ የሚያርሰው መሬት ነበረው።

ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፈጽሞ ቀረ። መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመሬቷ የምታገኘው ገቢ ተቋረጠ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ምእመናንን በየአጥቢያው የሚያደራጀው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ወጥቶ ነበር። መሬቱ በተወሰደ ጊዜ የተረፈው መንገድ ይህ ሆነ። አጥቢያዎች ከጉልት ወደ አባልነት መዋጮ፣ ከጎተራ ወደ ኪስ ተሻገሩ። የደርግ ዘመን ለሃይማኖት የሚመች ዘመን አልነበረም፤ ሆኖም አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናኑ እጅ ቆሙ፤ ብዙዎቹም ኋላ እንደ ገና ታነጹ። እርግጥ ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን በስሙ ሲሰጥለት የኖረ ሕዝብ፣ ሰጪው በታጠፈ ጊዜ በገዛ እጁ ለመስጠት መቻሉ ግልጽ ሆኖ ታይቷል።

5. ሊቃውንቱ የደረሱበት

ይህን ጥያቄ በውጭ አገር የመረመሩት በተለይ የመንግሥትን እርዳታና የግለሰብን ምጽዋት ለማነጻጸር ነው። መንግሥት ከዜጋው በግብር ወስዶ ለድኾች ቢሰጥ፣ ስለ ዜጋው ሆኖ ሰጠ ሊባል ይችላልና። ፒተር ዋር እ.ኤ.አ. በ1982፣ ራስል ሮበርትስም በ1984 እንዳስረዱት፣ ሰው የሚያስበው ስለ ተረጂው ጥቅም ብቻ ከሆነ፣ በስሙ አንድ ብር በተሰጠ ቁጥር ከራሱ ምጽዋት አንድ ብር መቀነስ አለበት። ጄምስ አንድሬዮኒ ግን በ1990 ሰው የሚሰጠው ተረጂው እንዲጠቀም ብቻ ሳይሆን፣ በመስጠቱ ከሚያገኘው የልብ ደስታም የተነሣ ነው አለ። ይህን ደስታ ሌላ ሰው ሊቀምስለት ስለማይችል፣ ሰውዬው ከምጽዋቱ ቢቀንስም ሙሉ በሙሉ አይተወውም። የቁም ተዝካር የሚያወጣው ሽማግሌ ይህንኑ ሳይማር ያወቀ ይመስለናል።

ካትሪን ኤክል፣ ፊሊፕ ግሮስማንና ሬቸል ጆንስተን በ2005 ያሳተሙት ሙከራ ለጉዳያችን ከሁሉ ይበልጥ ይቀርባል። በሙከራው ለሰውዬው 18 ዶላር፣ እርሱ ለመረጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ 2 ዶላር፣ ወይም ለሰውዬው 15፣ ለድርጅቱ 5 ዶላር ይመደባል። ከዚያ ሰውዬው ከራሱ ድርሻ ሊጨምር ይችላል። ለአንዱ ወገን ድርጅቱ ይህን ያህል እንደ ተመደበለት ብቻ ተነገረው። ለሌላው ወገን ግን ገንዘቡ ከእርሱ 20 ዶላር በግብር መልክ ተወስዶ እንደ ተሰጠ ተነገረው። የኋለኞቹ ከኪሳቸው የሚሰጡትን የተወሰደባቸውን ያህል ቀነሱ ማለት ይቻላል፤ የፊተኞቹ ግን ምንም አልቀነሱም ለማለት የሚያስደፍር ነበር። የድርጅቱ ድርሻ በሁለቱም ወገን እኩል ነው። ልዩነቱ ሰውዬው «ይህ ከእኔ ወጥቷል» ብሎ መቁጠሩ ወይም አለመቁጠሩ ነው። የአዲስ አበባው ባለ ሱቅ ያሳየንም ይኸንኑ ነው።

በአገራችን ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮም በዚሁ መስታወት ሊታይ ይችላል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን በየወሩ እያስቆረጡ ቦንድ ገዝተዋል። ቦንድ ተመላሽ ብድር እንጂ ምጽዋት ስላልሆነ ከላይ ካየናቸው ይለያል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ለሌላ ጉዳይ መዋጮ ሲጠየቅ «ከደመወዜ ይቆረጥብኛል» የሚለው መልስ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የተቆረጠው ገንዘብ ባለቤቱ በገዛ ራሱ ሒሳብ የጻፈው ነውና።

አንድ ነገር እንጨምር። አንድሬዮኒና አቢጌይል ፔይን በ2003ና በ2011 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የመንግሥት እርዳታ ሲያገኙ ከሕዝብ የሚያገኙት ምጽዋት የሚቀንሰው በአብዛኛው ሰጪዎቹ እምቢ ስላሉ ሳይሆን፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው ሕዝቡን መጠየቅ ስለ ቀነሱ መሆኑን አሳይተዋል። በ2011ዱ ጥናት መሠረት ቅነሳው ከተሰጠው እርዳታ 75 በመቶ ያህል ደርሷል። ኮሚቴው ለባለ ሱቁ ያልደወለለት በምን ምክንያት እንደ ሆነ እናስታውስ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በሌላ ሰው ስም የተሰጠ ስጦታ የባለ ስሙን ልግስና በሦስት በር ገብቶ ይቀንሰዋል። አንደኛው፣ ባለ ስሙ የተሰጠለትን እንደ ከፈለው አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው፣ ጠያቂው ስሙን በመዝገብ ስላየ መጠየቁን ይተዋል። ሦስተኛው፣ እጁ መስጠትን አይለምድም፤ እኛ በትምህርት ቤታችን የሆነብን ይህ ነው። በተቃራኒው ስጦታው ዕዳ ሆኖ ሲነገረው፣ ከማን ኪስ እንደ ወጣ ሲያውቅ፣ በራሱ እጅ የሚሰጠውም ድርሻ ሲተውለት፣ በስሙ መሰጠቱ ልግስናውን ያነቃቃዋል እንጂ አያደክመውም። የስለቱ ጃንጥላ፣ የሰንበቴው የተራ ልውውጥና ከልጁ ስም ሥር የተጻፈው የእናቱ ስም ይህን ያስረዳሉ።

ከዚህ ተነሥተን ሁለት ነገር ብቻ እናሳስባለን። መዋጮ የሚሰበስቡ ሰዎች በሌላ ሰው ስም የተከፈለ ገንዘብ ሲቀበሉ «በእገሌ ስም፣ በእገሊት እጅ» ብለው ሁለቱንም ቢጽፉ፣ ሲያነቡም ሁለቱንም ቢያነቡ መልካም ነው። በስም የተከፈለለት ሰው ደግሞ ከመዝገቡ ተራ አይፋቅ፤ ጥሪው ለእርሱም ይድረሰው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ምሳሌው የሚሠራው ሃምሳውም ሰው የየራሱን ሎሚ በየራሱ እጅ የያዘ እንደ ሆነ ነው። አንዲት እናት የሩቁን ልጇን ሎሚ ደርባ ብትይዝ ግን ጌጡ ለልጇ፣ ሸክሙ ለእርሷ ይሆናል።